ስድስት ሰዓት ላይ የተጠራው ስብሰባ

«ክቡራን የስፌት ቤታችን ሠራተኞች፣ ስድስት ሰዓት መሆኑን ስገልጽላችሁ ታላቅ ክብር ይሰማኛል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

የስፌት መኪናዎቹ ጸጥ አሉ። ሰው ሁሉ ለምሳ ብድግ አለ።

«ስለዚህ ስብሰባችንን እንጀምራለን።»

ብድግ ያለው ሁሉ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ሠራተኛ ተነሳሽነት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ መምጣቱ ነው። ግድግዳው ላይ ባለ አምስት እርከን ሦስት ማዕዘን ለጥፏል፤ ከታች ምግብና ዕረፍት፣ ከላይ የሙያ ፍቅር። «ሰው የታችኛው ሲሟላለት ነው ወደ ላይኛው የሚወጣው። እኛ የታችኛውን ካለፍን ቆይተናል» አለ። ጫፍ ላይ የደረሰውን ሰው ደግሞ ዛሬውኑ የክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊሾም ነው።

ቁልፍ ተካይዋ እትዬ ይህን ሹመት ትፈልገዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌላውን ጠማማ ኮሌታ ማንም ሳይጠይቃት ስታቃና ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ተጠይቃ ብታቃና ምን አለበት? ንግግሯን በቃሏ አጥንታ ነው የመጣችው።

«አንተን ለሥራ የሚያነሳሳህ ምንድን ነው?» ተብሎ መጀመሪያ የተጠየቀው ጨርቅ ቆራጩ ነበር። ከእጁ ይልቅ ምላሱ ስለሚቆርጥ «መቀስ» ይሉታል።

«ጥራት» አለ መቀስ፣ ምራቁን ውጦ።

«ደመወዝስ?»

«እሱንማ ለወጉ ያህል ነው የምቀበለው፣ አለቃ።»

«ለወጉ ከሆነ ለኔ ስጠኛ!» አለች ካውያ ተኳሿ። ተራው ሲደርሳት ግን ድምጿን አለሳልሳ፣ «እኔ ካውያ ከጨበጥኩ ረሃብ የሚባል ነገር አላውቅም» አለች።

«ታዲያ ጠዋት ብስኩቴን የበላው ካውያው ነው?» አለ መቀስ።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ተነሳች። «ሰው በልቶ ብቻ አይኖርም፤ ክብርም...» ከማለቷ ከወደ ሦስት ማዕዘኑ ረጅም ጉርምርምታ ተሰማ። የሥራ አስኪያጁ ሆድ ነበር። መቀስ ጣሪያውን ያይ ጀመር፤ ካውያ ተኳሿ ጥፍሯን መረመረች።

«ይቀጥሉ፣ እትዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሆዱን በደብተሩ ከልሎ። ሆዱ አሁንም ጮኸ፤ የባሰውን።

የቀሯት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እነሱን ከጨረሰች ሹመቱ የሷ ነው። እትዬ ቀና ብላ አየችው፤ የልጇ እኩያ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። ጎንበስ ብላ ምሳ ዕቃዋን አወጣችና ዳቦውን ለሁለት ገመሰችው።

«ና ብላ፣ ልጄ» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እጁ ግን ቀድሞት ተዘርግቶ ነበር።