የሙንተሀ ሠንጠረዥ

ሙንተሀ ስልክ ለመግዛት ሠንጠረዥ አዘጋጀች። ሌላው ሰው ሱቅ ይገባል፣ ነካክቶ ያያል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። እሷ ግን ደሴ ላይ በስታትስቲክስ ስለተመረቀች እንደ ሌላው ሰው መሆን አልሆነላትም። ኩዌት ከመጣች ወዲህ ዲግሪዋ የጠቀማት የማዳምን ልጆች ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ስታገናኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕውቀቷን የምታወጣበት አጋጣሚ ስታገኝ አትለቅም።

ሠንጠረዡ ልጆቹ በጣሉት ደብተር ላይ የተሠመረ ነው። ሰባት ስልክ፣ አሥራ አንድ መስፈርት። ባትሪ፣ ሚሞሪ፣ ፍጥነት፣ ካሜራ፣ የጣት አሻራ... ለእያንዳንዱ ነጥብ አለው፣ ነጥቡም ክብደት አለው፣ ክብደቱም ለምን እንደተሰጠ ከግርጌ ተጽፏል።

ስልኩን የፈለገችው ለጌጥ አይደለም። ሚሽሪፍ ሰፈር ያለው የማዳም ቤት ሦስት ፎቅና ሰባት መታጠቢያ ቤት አለው። ማንጋፍ ደግሞ ባለ ሁለት መታጠቢያ ቤት አፓርታማዋን የምትይዝላት ሠራተኛ የምትፈልግ አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለች። ማዳም ሦስት ሳምንት አኩርፋ ሙንተሀ ኢቃማዋን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደዚያች ሴት እንድታዛውር ፈቅዳለች። የቀረው አንድ ነገር ነው። እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የማንጋፏ ሴት ጥያቄውን ትልካለች፤ ሙንተሀ በራሷ ስልክ፣ ዝውውሩ በሚጸድቅበት አፕ ገብታ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት «እስማማለሁ» የሚለውን ትጫናለች። ካልተጫነች ሴትዮዋ ሌላ ልጅ አዘጋጅታለች።

የሙንተሀ አሮጌ ስልክ ያንን አፕ ሊሸከም ቀርቶ ሰዓት ሲያሳይም ያቃስታል። ማዳም ደግሞ እስኪጸድቅ ድረስ ሐሳቧን መቀየር እንደምትችል አሳምራ ታውቃለች። «በሥራ ሰዓት ስልክ እጅሽ ላይ ካየሁ ሁሉንም እሰርዘዋለሁ» ብላታለች። ይህን ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማዳም የምትደጋግመው የማታደርገውን ነው።

ዓርብ ዕለት ሙንተሀ ሠንጠረዧን ይዛ ኸይጣን ሄደች። እዚያ ዘጠኝ ሴቶች ተጋርተው የተከራዩት፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚኖሩበት ክፍል አለ። የክፍሉ የስልክ ሊቅ ጥሩነሽ ናት። ሊቅነቷ የመጣው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ስልክ በመቀያየር ነው፤ አንዱንም እስከ ግማሹ አልተጠቀመችበትም። አሁን የያዘችው ጀርባው ላይ ሦስት ዓይን የተደረደረበት፣ አዲስ ከወጡት ሁሉ ውዱ ነው።

«ስልክ ማለት» አለች ጥሩነሽ ፍራሹ ላይ ተደላድላ፣ «ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ሰው ሁሉ ዝም የሚልለት ነው።»

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እኔ ጠረጴዛ የምወለውል እንጂ የምቀመጥበት ሰው አይደለሁም።»

«አገር ስትገቢስ? ቦሌ ስትወርጂ ምን ይዘሽ ልትታዪ ነው? ካሜራውን እዪው እስቲ!» አለችና ራሷን ፎቶ አንስታ አሳየቻት።

ሙንተሀ ፎቶውን አየች። ስልኩ ጥሩነሽን አጥቦ፣ አቅልቶ፣ አፍንጫዋን አሹሎ ሌላ ሴት አውጥቷል። «ቆንጆ ናት» አለች። «ማን ናት?»

ራቢያ ከጥግ ሳቀች። ራቢያ እንደ ሙንተሀ የወሎ ልጅ ናት፤ ስልኳ ደግሞ ማንም ስሙን የማያስታውሰው ርካሽ፣ ወፍራም የላስቲክ ልባስ የለበሰ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ነው። «የኔ ባልዲ ውስጥ ሁለቴ ገብቶ ወጥቷል» አለች። «ካሜራው ሰውን እንደ ድንች ነው የሚያነሳው። ግን ይሠራል። ለኛ የሚሆነን በእርጥብ እጅ የሚከፈት ነው፣ ሙንተሀ። እሱን ጻፊው።»

«እርጥብ እጅ መስፈርት አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የአጠቃቀም ጉድለት ነው» አለች ሙንተሀ፤ ይህንንም ስትል ፊቷን እንደ መምህር አኮሳተረች።

ራቢያ ስልኳን አንስታ ስድስት ጊዜ አንድ ቦታ ነካችና ከፈተችው።

«ስድስት ዜሮ?» አለች ሙንተሀ። «የይለፍ ቁጥርሽ ስድስት ዜሮ ነው?»

«የሁላችንም ነው። ሐዋሊ ያለው ስልክ ሻጩ ሳዲቅ ነው የሚሞላልን። የጥሩነሽም እንደዚሁ።»

«በሩንም ክፍት ተዉታ፣ ሌባው እንዳይቸገር!»

«ባለፈው ዓመት የክፍላችን ልጅ ሲምረት ሥራ ላይ ስትወድቅ የአባቷን ቁጥር ማን አወጣ? ስልኳን ከፍቼ እኔ ነኝ የደወልኩት። ያንቺን ማን ይከፍተዋል?»

«የኔን የሚከፍተው የኔ ጣት ብቻ ነው» አለች ሙንተሀና ሠንጠረዧን አጠፈች። አሸናፊው ታውቋል። ከመቶ ሰማንያ ሰባት ነጥብ አራት ያገኘ፣ ጥቁር፣ ከመስታወቱ ሥር ጣት የሚያነብ ስልክ ነው። ለጣት አሻራው ብቻ አሥራ አምስት ነጥብ ሰጥታዋለች። ከግርጌ «ደኅንነት» ይላል።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ሐዋሊ ሄደች። የሳዲቅ ሱቅ ልብስ መሞከሪያ ክፍል የምታክል ናት፤ እሱ ግን በአምስት ቋንቋ ይምላል። ለእያንዳንዱ ስልክ «ዋላህ፣ እኔ ራሴ የምይዘው ይሄንን ነው» ይላል። የሚይዘው ግን በጎማ የታሰረ አሮጌ ነው።

«እህቴ፣ ባለ ሦስት ዓይኑን ልስጥሽ?»

«አይሆንም። ባትሪው ክብደቱን አያካክስም።»

«እሺ ታጣፊውን?»

«በቀን መቶ ጊዜ እየተከፈተ እየተዘጋ መታጠፊያው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጥናት አለህ?»

ሳዲቅ ጥናት አልነበረውም። ጥቁሩን አወጣላት፤ አሮጌዋን በሽፋንና በመስታወት መከላከያ ለወጠላት፤ ሲሟን አስገባ፤ አፑን ጫነ። ጣቷን ሊያስመዘግብ ሲል ግን ስልኩ አሻፈረኝ አለ። አውራ ጣቷን በሶፍት ጠረገ፣ እፍ አለበት፣ እንደገና አስጫናት። በዘጠነኛው ተቀበለ።

«ጣትሽን ምን በላው፣ እህቴ?»

«ሥራ።»

«ለክፉም ለደጉም ቁጥር ይጠይቃል። ምን ልሙላበት?»

ሙንተሀ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ቁጥር ከሠንጠረዧ ጋር እያመሳከረች ነበር። ሁለት አሃዝ አልገጠመላትም። «የፈለግከውን ሙላ» አለችው፤ ቀና እንኳ አላለችም።

እሑድ ጠዋት የማዳም እህት ለምሳ ትመጣለች ተባለ። የማዳም እህት ስትመጣ ሰባቱም መታጠቢያ ቤቶች በበረኪና ይታሻሉ፤ እህትየው የምትጠቀመው አንዱን ቢሆንም የትኛውን እንደምትመርጥ አይታወቅም። ሙንተሀ ስልኳን ሦስተኛው ፎቅ ላይ በፎጣው ቅርጫት ሥር ደበቀች። ደረቷ ውስጥ ልታደርገው ሞክራ ነበር፤ መጽሐፍ የዋጠች መሰለች። ለስፋቱ ሙሉ ነጥብ ሰጥታው ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ቅርጫቱ ሲነዝር ሰማች። ማዳም ግን ከኋላዋ አልጠፋችም። የሻወሩን ጥግ አሳየቻት፣ የቧንቧውን ሥር አሳየቻት፣ ቀድሞ የታጠበውን በር እንደገና አሳጠበቻት። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል አለፈ። ለስድስት አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የበሩ ደወል ተደወለ፤ ማዳም እህቷን ልትቀበል ወረደች።

ሙንተሀ ፎጣዎቹን በትና ስልኩን አወጣች። አውራ ጣቷን አስቀመጠች። ስልኩ ተንቀጠቀጠና እምቢ አለ።

ጣቷን በፎጣ አደረቀች። እምቢ። በቀሚሷ ጠረገች፣ ልክ እንደ ሳዲቅ እፍ አለችበት። እምቢ። ጣቷን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ በረኪና ውስጥ ከዋለ በኋላ ነጭ፣ የተጨማደደ፣ ምንም መስመር የሌለበት የማንም ያልሆነ ጣት ነው። አሥራ አምስት ነጥብ የሰጠችው ለዚህ ነው። አራተኛው፣ አምስተኛው። ስልኩ ጣት መጠየቁን ተወና በጨዋ አማርኛ «የይለፍ ቁጥር ያስገቡ» አላት።

የይለፍ ቁጥር። መጀመሪያ የልደት ዓመቷን አሰበች፤ እሷ አልሞላችውም። የማዳም ሳቅ ከታች ተሰማ፤ እህትየው ጫማዋን እያወለቀች ነው። ሳዲቅን ደውላ እንዳትጠይቀው የምትደውለው በዚሁ ስልክ ነው። አሮጌዋ ስልክ ደግሞ ሐዋሊ ውስጥ በሁለት ፕላስቲክ ተለውጣ ቀርታለች። ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀረው።

ከዚያ በኋላ ገባት። የገባት ቀድሞ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ልታምነው አልፈለገችም። ሁሉን ስልክ በአንድ መሐላ የሚሸጥ ሰው፣ የፈለግከውን ሙላ ሲባል ምን ይሞላል?

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ፊቷ ጋለ። ዜሮ። ራቢያ ይህን ብታይ ምን እንደምትል ሰማች። ዜሮ። ዜሮ።

ስልኩ ተከፈተ።

አፑ ውስጥ ጥያቄው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይጠብቃታል። «እስማማለሁ» የሚለው አረንጓዴ ነው። ተጫነችው። ትንሽ ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ «ጸድቋል» አለ። አራት ደቂቃ ቀርቷት ነበር።

«ስልክ?» አለ ድምፅ።

ማዳም በሩ ላይ ቆማለች።

«ኻላስ፣ አለቀ፣ ማዳም» አለች ሙንተሀ። «ጸደቀ።»

ማዳም የምትሰርዘው ነገር ቢኖር ኖሮ ትሰርዘው ነበር፤ አልቋል። ዓይኗ ቀስ ብሎ ከሙንተሀ ፊት ወደ እጇ ወረደ፣ እዚያው ቆየ።

«ይሄ አዲሱ ነው?» አለች። «ልጄ ይሄንን ግዢ ይለኛል። እህቴ ደግሞ ባለ ሦስት ዓይኑን ይዛ መጥታ እየተመጻደቀችብኝ ነው። የቱ ይሻላል?»

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ማዳም ሙንተሀን ከጨው በስተቀር ስለምንም ነገር ጠይቃት አታውቅም። ሠንጠረዡ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አውጥታ ልታስረዳት ትችል ነበር። የማዳምን እጅ አየች። ለስላሳ፣ የተቀባ፤ የጣቶቿ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ላንቺ ይሄ ነው፣ ማዳም» አለች። «እጁን ባልዲ ውስጥ ለማይከት ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም።»

«ዋላህ?»

«ዋላህ።»

ማዳም ደስ አላት። ስልኩን ተቀብላ በእጇ መዘነችው፣ በጀርባው በኩል አገላብጣ አየችው፣ መለሰችላት። «ሰባተኛው መታጠቢያ ቤት ቀርቶሻል» ብላ ወደ እህቷ ወረደች።

ሙንተሀ ባልዲዋን አንስታ ወደ ሰባተኛው ገባች። መስታወቱ ላይ የሳሙና ጠብታ ደርቋል፤ መጥረጊያው ጨርቅ ደግሞ ታች ቀርቷል። ሠንጠረዡን ከኪሷ አውጥታ ጨበጠችው፣ አጨማደደችው፣ መስታወቱን ፈተገችበት። አንድም ጭረት ሳይተው አጸዳው። የዚያ ዓይነት ወረቀት ለዚህ ሥራ ከመቶ መቶ ያገኛል።