ባምላኩ ሐኪም ፊት

«ዛሬም ደህና ነኝ ካልህ አለቀልን፤ ሰማኸኝ?»

ሠርክአዲስ ይህን ስትል ባጃጁ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወጥቶ ወደ ሆስፒታሉ እየታጠፈ ነበር። ከቡሬ ሲነሡም ብላዋለች፤ ማንኩሳ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆምም ብላዋለች። ባሏ ባምላኩ ግን ቀኝ እጁን እንደ አደራ ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመንገዱ የሚያልፉትን የጋሪ ፈረሶች ያያል።

«ሰምቻለሁ አልሁሽ እኮ።»

«ሰምተህማ ነው ባለፈውም ጉድ የሠራኸን።»

የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አያቸውና ሳቀ። «ይተውዋቸው እታለም። የእኔም አባት እንዲሁ ናቸው። ወባ ጥሏቸው እንኳ ትንሽ ደከመኝ ነው የሚሉ።»

«አንተ መንገድህን እይ!» አለችው። ገና ከተሳፈሩ ጀምሮ ባጃጁ ሲገለበጥ እየታያት ነበር።

ባምላኩ ቡሬ ውስጥ የመንግሥት ምርጥ ዘር መጋዘን ሠራተኛ ነው። የተደረደረ የበቆሎ ዘር ጆንያ ተንዶበት ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ፣ አጥንቱ ቢገጥምም እጁ አልታዘዝ አለው። ሠርክአዲስ የመሥሪያ ቤቱን የሰው ኃይል ኃላፊ ከግምገማ ሲወጣ ደጅ ጠብቃ ብትጠይቀው ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገራት። የሐኪሞች ቦርድ በዚህ ሳምንት ይቀመጣል። የሚያክመው ሐኪም መሥራት አይችልም ብሎ ከጻፈ ባምላኩ የጉዳት ጡረታ ይወጣለታል። ተሽሎታል ካለ ግን ወደ ጆንያው ይመለሳል፤ ካልተመለሰም በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል።

«እስካሁን የመጣልን ማስረጃማ እየተሻለው ነው የሚል ነው» ብሎ ነበር ኃላፊው።

ከዚያ ወዲህ ሠርክአዲስ ዕቃ ስታጥብም፣ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኝም የሚታያት ሌላ አይደለም። ባሏን ከጆንያ ሥር ሲያወጡት፣ ሁለቱ ልጆቿ ደብተራቸውን ጥለው የቀን ሥራ ሲፈልጉ ነው የሚታያት።

ሆስፒታሉ ደርሰው ተራ ሲጠብቁ ስሙ ተጠራና ባምላኩ ብድግ አለ። «አንች እዚሁ ቆይኝ።»

«እገባለሁ።»

«ሚስቱ እየጎተተች አስገባችው ሊባል?»

«ይባል።»

ዶክተር ምሥጋና በዕድሜ ወጣት፣ በጠባይ ረጋ ያለ ሐኪም ነበር። ካርዱን ገልጦ ቀና አለ። «እንዴት ነዎት ጋሽ ባምላኩ?»

ባምላኩ ገና ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ሠርክአዲስ ዐይኗን ጨፈነች።

«ትከሻው ከባለፈው ይሻላል?»

«ይሻላል እንጂ፤ ምን ይሆናል።»

ብዕሩ ካርዱን ሲነካ አላስቻላትም። «ይቆዩ ዶክተር! እጁ አይሠራም። ብርጭቆ አይዝም፤ በር እንኳ በግራው ነው የሚከፍት። ደህና ነኝ ያለዎት ሰላምታ ሲመልስ ነው። እኛ ዘንድ አልጋ ላይ የዋለ ሰውም እንዴት ነህ ሲሉት ተመስገን ነው የሚል። ሕመሙን አጠገቡ ያለው ሰው ነው የሚናገርለት። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ደጅ ነበር የምጠብቀው።»

«ሠርክአዲስ!» ባምላኩ ፊቱ ጠቆረ። «አታጋንኝ! ፈጣሪን እያማረርሽ በሰው ፊት ታዋርጅኛለሽ?»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀምጦ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። «እናቴ፣ አይቀየሙኝና፣ ለጡረታው ብለው የሚያጋንኑ ብዙ ይመጣሉ። እሳቸው ደህና ነኝ ካሉ፣ እርስዎ አይደለም ካሉ፣ የማንን ልጻፍ? ቦርዱ ቢጠይቀኝ ሚስቱ ነገረችኝ ልበል?»

ሠርክአዲስ ያላት ቃሏ ብቻ ነበር፤ እሱንም ባሏ ውሸት አደረገባት።

«እስካሁን በራጅ ነበር የማየው፤ አጥንቱማ ገጥሟል» አለ ዶክተሩ። «ዛሬ እጁን ልየው። ከመጋረጃው ጀርባ ሸሚዙን ያውልቁልኝ።»

ሠርክአዲስ ቤቷ እንደለመደችው ተከትላው ገባች። ቁልፎቹን ፈታች፣ ደህናውን እጅ አስቀድማ አወጣች፣ የታመመውን እንደ ሕፃን ደግፋ አወለቀችለት። ዶክተሩ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሲገባ ባምላኩ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ነበር።

«ቀኝዎን ወደ ላይ ያንሡ እስቲ።»

ባምላኩ ጥርሱን ነከሰ። ወገቡን ወደ ግራ ጥሎ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ሽቅብ ወሰደው። ግንባሩ በላብ ራሰ። «ይኸው!» አለ፣ በትግል እንደረታ ሁሉ። ለዚያች አንድ ማንሣት ሲያቃስት እንደሚሰነብት የምታውቀው ሠርክአዲስ ብቻ ናት።

«ጥሩ ነው። ይልበሱ» አለ ዶክተሩ፤ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶም መጻፍ ጀመረ።

አለቀ፣ አለች በልቧ። ሸሚዙን ከወንበሩ ላይ አንሥታ እጀታውን ልትይዝለት ስትል ግን ተወችው። እሱስ ማማረር ነውር ሆኖበት ይደብቃል፤ እሷስ? ስታለብሰው፣ ስታሳምረው፣ ሙሉ ሰው አስመስላ ሰው ፊት ስታቀርበው ከርማ፣ ዶክተሩ ሕመሙን ከየት አምጥቶ ይየው?

ሸሚዙን ለባሏ ግራ እጅ ሰጠችው። መጋረጃውን ዶክተሩ እንዲያየው እስከ ጥጉ ገፋችና ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ባምላኩ ግራውን አስገባ። ቀኙን በግራው ጎትቶ እጀታው አፍ ድረስ ቢያደርሰው ወደቀ። ደግሞ ጎተተው፤ ደግሞ ወደቀ። ሸሚዙ ከጀርባው ተንሸራቶ ጫፉ መሬት ነካ። ውጭ የተሰለፉት ሰዎች ድምፅ በበሩ ሥር ይሰማል፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ራቁቱን ቆሟል።

«ሠርኬ» አለ በሹክሹክታ። «ነይ እንጂ።»

በትዳራቸው እንዲህ ለምኗት አያውቅም። ቤት ሲመለሱ እንደማያናግራት፣ ምናልባትም መቼም ይቅር እንደማይላት ታያት። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ መካከል አጥብቃ ያዘች።

«አልመጣም» አለች፣ ጠረጴዛው ድረስ እንዲሰማ። «ምን እንዳቃተህ ለዶክተሩ ራስህ ንገራቸው።»