አለቶች የደን ጥበብ እንዴት ተማሩ

አለቶች የደን ጥበብ መማር አይችሉም ብሎ ሕጉን የጻፈው ባሌ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ከመውቀሴ በፊት እሱን ልውቀስ።

ባሌ አምሐ ጎንደር ፒያሳ ኮምፒውተር ይጠግናል። ኔትወርክ ተዘግቶ ከተማው ሁሉ ስልኩን እያገላበጠ በሚያዛጋበት ዓመት፣ ሥራ ፈትቼ ከማበድ ብሎ በወረቀትና በዳይስ የምንጫወተው ጨዋታ ፈጠረ። ዓለሙን እሱ ያወራል፤ እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው ይዘን በዚያ ዓለም እንኖራለን። በር ላይ ዘንዶ ቢቆም ዘንዶውን ሆኖ የሚናገረው አምሐ ነው፤ ምን እንደምናደርግ የምንመልሰው እኛ። ተጫዋቾቹ እኔ፣ ጓደኛዬ ሙሚናና ወንድሟ ሐቢብ ነን። እሑድ እሑድ የአባታቸው የሐጂ ዐብዱልከሪም ጨርቅ ቤት ሲዘጋ፣ ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። ሁላችንም ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረንም። የሚያፍር ይፈር፣ እኔ አላፍርም።

በጨዋታው ውስጥ ብዙ ወገን አለ። ሐቢብ ከሐይቅ ሰዎች ነው፤ ሙሚና ክንፍ ካላቸው ወገን ናት። እኔ አለት ነኝ። አለቶች እናት የላቸውም፤ ከገደል ተጠርበው ይወጣሉ። ብቸኝነት ሲሰማቸው ሌላ አለት ይጠርባሉ። አይራቡም፣ አያረጁም፣ ካልተሰበሩ አይሞቱም። የረገጡት ቦታ ሣር አያበቅልም፤ ደን ደግሞ ሲመጡ ሲያይ መንገዱን ይዘጋባቸዋል። የመረጥኳቸው በጠብ ስለማይሸነፉ ነበር። እኔም ጠብ እወዳለሁ፤ ለአለቴ ትልቅ መዶሻ አስይዣት ነበር።

ከዚያ ጨዋታው ተቋረጠ። ልጄ ስለሞተች ነው።

እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ወላጆቼ ዘንድ ወገራ ወጥቼ ነበር። አባቴ ቄስ ገብረ ኢየሱስ የደብሩ ካህን ናቸው። ልጅቱ ሸጋ ነበረች፤ አልታመመችም። ብትታመም አባቴ ያንኑ ዕለት ባጠመቋት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሕፃን ሰማንያ ቀን ጠብቁ አትልም። ግን ጡቴን ጠብታ ተኛች፤ ንጋት ላይ ስነካት ቀዝቅዛለች። ለክርስትናዋ ጌሾው ተወቅጦ ነበር።

በእኛ አገር ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ቅጥር ግቢ ውስጥም አይቀበርም። የደብራችን ግቢ ደን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ተጠላልፎ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውስጡ ይጨልማል። ደኑ ከድንጋዩ ካብ ሲደርስ በቢላ እንደተቆረጠ ያበቃል፤ ከካቡ ወዲህ ከብት የጋጠው ራቁት ሜዳ ነው። ልጄን የቀበሯት እዚያ ሜዳ ላይ፣ ካቡን አስጠግተው ነው። አፈሩን የመለሱት አባቴ ናቸው። ለአገር ሙት ሁሉ የሚያዜሙ ሰውዬ ለልጅ ልጃቸው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ከንፈራቸው እንዳይንቀሳቀስ ነክሰው ይዘውት ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ክንድ ብቻ ወደ ውስጥ» አልኳቸው።

«ግቢው የኔ ቢሆን እኔ ወጥቼ እሷን ባስገባሁ» አሉኝ። «የኔ አይደለም፣ ልጄ።»

እሳቸውን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። በዚያ ሰሞን እንደ ሽማግሌ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል።

ከዚያ ወዲህ ጎንደር አልተመለስኩም። ጠዋት ጠዋት ካቡ ሥር ሄጄ እስኪመሽ እቀመጣለሁ። ሌላ ምን ልሥራ? አምሐ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ሊወስደኝ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ብቻውን ይወርዳል። በመጨረሻ ሙሚና ደወለችና «አንድ እሑድ ብቻ ነይልን፤ ካልሆነልሽ በአሥር ሰዓቱ መኪና ትመለሻለሽ» አለችኝ። እሺ ብዬ ባለፈው እሑድ ወረድኩ። አምሐ ሱቁ በር ላይ ሲያየኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ወደ ወገራ የሚመልሰኝ የመጨረሻው የዳባት ሚኒባስ አሥር ሰዓት እንደሚነሳ ሁለታችንም እናውቃለን። ካመለጠኝ ቤቴ አድራለሁ፤ አንድ ቀን ቤቴ ካደርኩ እቀራለሁ ብሎ ነው ተስፋ ያደረገው። እኔም መኪና ውስጥ ሆኜ እንደዚያው አስቤ ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም።

ወረቀቱ ተዘረጋ። ዳይሱ ሳይወረወር «የኔ አለት የደን ጥበብ መማር ትፈልጋለች» አልኩ።

የደን ጥበብ ማለት ዛፍ መጥራት፣ የተኛ ዘር ማንቃት፣ ቁስልን በቅጠል መዝጋት ነው። ጠብ ለሚወድ ሰው አይሆንም።

«ምነው?» አለ ሐቢብ። «እንደዚያ ያለ መዶሻ ይዛ?»

«መዶሻው ሰልችቷታል።»

«አለቶች አይችሉም» አለ አምሐ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ። «ደን አይቀበላቸውም።»

«እሱን አውቃለሁ። እንዲቀበላት ምን ታድርግ ነው የምለው።»

ሐቢብ እንዲህ ያለ ነገር ነፍሱ ነው። «ራሷ ላይ አፈር ታልብስና ጎመን ትዝራበት። በሁለት ሳምንት ጥበበኛ ናት፤ በዚያ ላይ ጾም አያስቸግራትም።»

«ከደን ሰዎች አንዱን ታግባ» አለች ሙሚና። «አማቾቿ ያስተምሯታል።»

«አለቶች አያገቡም» አለ አምሐ።

«ካልሆነ ዛፍ ትቁረጥና በትር ትሥራ» አለ ሐቢብ። «በግድ ትውሰደው።»

«በግድ የተወሰደ ደን ማገዶ ነው የሚሆነው» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ወገራ ላይ ሜዳው ሁሉ እንደዚያ ሆኖ የቀረ ነው።

አምሐ እጁን አነሳ። ጨዋታ ሲመራ ድምፁ ይረጋጋል፤ መጀመሪያም የወደድኩት በዚህ ድምፁ ነው። «ቆይ፣ ለምን እንደፈለገች ትንገረን» አለ።

«ትንሽ ልጅ ጠርባ ነበር» አልኩ። «ስም ሳታወጣላት ተሰነጠቀች።»

ሐቢብ ዳይሱን እጁ ውስጥ ጨብጦ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ እግዜር ሌላ ይስጥሽ ነው የሚለኝ፤ ሌላ የጠየቅሁ ይመስል። እነዚህ ዝም አሉ፣ ደግ አደረጉ።

አምሐ ጨዋታውን ቀጠለ። «አለቷ ልጇን ታቅፋ ከደኑ በር ደረሰች። በረኛው ወጣ።» ትከሻውን ቀና አድርጎ በረኛውን ሆነ። «ያቀፍሽው ምንድን ነው?»

«ልጄ ናት። ዛፍ ሥር ላስተኛት ነው።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ስም የላትም።»

«ደኑ የሚያውቀው በስም...» ብሎ ጀመረና አቆመ። እኔና እሱ ስለ ልጃችን አንድም ቀን በቅጡ አውርተን አናውቅም። ስልክ ላይ በላሽ ወይ ይለኛል፤ በልቻለሁ እለዋለሁ። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋው። «ተይው። በሩ ተከፍቷል። ግቡ፣ ሁለታችሁም።»

ተናደድኩ። «ስላሳዘንኩህ ነው የከፈትከው» አልኩት። «በጨዋታ በር መክፈት ምን ይከብዳል? አባቴን አላሳዘንኳቸውም ይመስልሃል? በሩ ዝግ ነው። ዝግ እንደሆነ ነው መማር ያለባት።»

«እንግዲያው አትግባ» አለች ሙሚና ቀስ ብላ።

ዞር ብዬ አየኋት።

«ከበሩ ውጭ ትቀመጥ። ድንጋይ ሲቀመጥ እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከቤታችን ጓሮ ያለውን የግንብ ፍርስራሽ ታውቂው የለ? መጀመሪያ ያ ግራጫው የድንጋይ ሽበት ወጣበት፤ ቀጥሎ አረንጓዴው። ስንጥቁ ውስጥ አቧራ እየገባ አፈር ሆነ። ከዚያ ወፍ ፍሬ ጣለችበት። ይኸው ዛሬ ሾላ ነው፤ እኔ ራሴ በልቼበታለሁ። የተከለው ሰው የለም።»

ልቤ ሲመታ ተሰማኝ፤ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ በትክክል አላስታውስም፤ አንዳችን ከአንዳችን አፍ እየነጠቅን ነበር። ሌሎቹ ጥበበኞች ዛፍን ያዛሉ። አለት ማዘዝ አትችልም፤ የምትችለው መቀመጥና መሰንጠቅ ነው። እሷ ደን አትገባም፤ ደኑ ነው ወደ እሷ የሚወጣው። ዝናቡ ይፋቃት፣ ብርዱ ይሰንጥቃት፣ ሥሩ ይግባባት፤ እያንዳንዷ ፍርፋሪ አፈር ትሆናለች። ጥበቧ ያ ነው። አንድ አለት በተቀመጠች ቁጥር ደኑ አንድ ክንድ ወደ ሜዳው ይራመዳል።

«ትንሿ ደግሞ ቀድማ ተሰንጥቃለች» አልኩ። «ዘሩ መጀመሪያ የሚገባው እሷ ውስጥ ነው።»

ሐቢብ ፊቱን ወደ ጨርቁ አዞረ። ሙሚና እጄን ያዘችኝ። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ውጭ የተጣለች ሳትሆን ደኑ ሊደርስባት የሚመጣ፣ የመጀመሪያዋ ሆና ታየችኝ።

«ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለ አምሐ።

«ሦስት መቶ።»

«ከተቀመጠች መነሳት ትችላለች?»

«ሥር ይዟት እንዴት ትነሳለች?»

«እንግዲያ ከጨዋታው ወጣች ማለት ነው።»

«አልወጣችም። እዚያው ናት።»

«ምስጢር» ብሎ በስሜ ጠራኝ። ሲጫወት በስማችን ጠርቶን አያውቅም። «ባሏ የት ነው ያለው?»

«አለቶች አያገቡም። የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ስጽፈው አላገባሁም ነበር።»

ሙሚና ተነስታ ሐቢብን በእጅጌው ሳበችውና ወደ ሱቁ ወጡ።

«ሕጉን ቀይሬዋለሁ» አለ አምሐ። «ባል አላት። ሰው ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት አይኖርም። ልጁን መንገድ ተዘግቶበት በቅጡ አልጠገባትም። ቤት ይገባል፣ አልጋውን ያያል፣ ይወጣል። ምን ያድርግ? አንቺ ንገሪኝ።»

መጥቶ አብሯት ይቀመጥ ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አምሐን አውቀዋለሁ፤ ና ብለው ይመጣል። ሱቁን ዘግቶ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ከጎኔ ካቡ ሥር ይቀመጥና እኔን እያየ ይደርቃል። ሁለት ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ቢቀር አባቴ ምን ይሆናሉ?

«ይሂድ» አልኩ። «ይኑር።»

«እሱ እንደዚያ አልጠየቀም።»

«አውቃለሁ።»

ሰዓቱን አላየም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ተነሳሁ። ቦርሳዬን ቀድሞ አንስቶ ተከተለኝ። እስከ መናኸሪያው ድረስ ስለ ሐቢብ ጎመን አወራን፤ ስቀንም ነበር። ሰው እንደዚያ ሆኖ መሳቅ መቻሉ ይገርመኛል። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አምሐ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጎ በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ይህን ደግሞ እንደ ጨዋታ አትመልሺልኝ» አለ። «ልጠብቅሽ?»

ጠብቀኝ ብለው ይጠብቃል። ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ሌላ ልጅ ሳያቅፍ፣ በየእሑዱ የመኪና ድምፅ እየሰማ ይጠብቃል። እወደዋለሁ። እዚያች ወንበር ላይ ሆኜ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ልጄ ግን ውጭ ናት፤ ያለ እኔ የሚቀመጥላት የለም፤ እኔም መነሳት አልቻልኩም። ይህን ሁሉ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

«አትጠብቀኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ጣቶቹን ከበሩ አንድ በአንድ አላቀቀ። ወያላው እስኪመጣ አልቆየሁም፤ በሩን ራሴ ስቤ ዘጋሁት።