ዋስ የሌለው ሐዋላ

የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ዐብዱልቃዲር እንደሻውን ያዋረዱት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥምቀት ማግስት፣ በሐረሩ የጊደር መጋላ ገበያ መካከል ነው። በአንድ ጣቃ ጨርቅ ዋጋ ሲከራከራቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ንግድ እንደ ነፍጥ ከአባት አይወረስም!» አሉት። የጨርቅ ተራው በሙሉ ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ እንደሻው እስከ ዛሬ በስም ይቆጥራል።

ያን ዕለት ማለ። ከእንግዲህ ጨርቁን ከሐጂ ሳይሆን በቀጥታ ከባሕር ማዶ፣ ከኤደን ሊያስመጣ። ሐረር ውስጥ ኤደን ላለ ሻጭ ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን የሚያይለት ዋስ ሳይኖረው አይከፍልም። ዋሱ ደግሞ ኤደን የሚኖረው የሐጂ ወንድም ዩሱፍ ነው። እንደሻው ግን ሐጂን ደጅ ከመጥናት ሞቱን መረጠ። አቦከር ሰፈር ያለውን የሚስቱን የበለጡን የውርስ ቤት አስይዞ ተበደረና፣ «ባንክ ማኅተም አለው፣ ምን ዋስ ያስፈልጋል!» ብሎ ገንዘቡን ሁሉ ሙሳ ለሚባል የኤደን ሻጭ በሐዋላ ላከ።

ጨርቁ ቀረ። የባንኩ ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው፣ «ሰውዬው ፈርሞ ወስዷል። ዕቃውን እሱን ይጠይቁ» አለው። እስከ ፋሲካ ካልከፈሉ ቤቱ የአበዳሪው ነው።

ዛሬ በለጡ እየጎተተች ሐጂ ሱቅ በር ድረስ አመጣችው። «አንተው ግባ። ባሏን ቀድማ ገባች እንዳይሉህ» ብላ ውጭ ቀረች።

«ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ይገትርሃል?» አሉ ሐጂ። «ሰማሁ። ሙሳ ነው የበላህ?»

«ከነማኅተሙ ነው የላክሁት!»

«ማኅተም ጨርቅ አይጭን፣ ወንድሜ! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?»

የእንደሻው ደም ፈላ። «ለእርስዎ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ካሉኝ በኋላ?»

«ምን አልኩህ?»

እንደሻው አፈጠጠባቸው። ሽማግሌው አላስመሰሉም፤ እውነትም አያስታውሱም። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ታቅፎት ያደረውን ቃል፣ እሳቸው እንደ ምራቅ ተፍተው ረስተውታል። ከስድቡ ይልቅ ይሄ አንገበገበው።

«ስማ» አሉ ሐጂ። «ሙሳ መጋዘኑን የተከራየው ከዩሱፍ ነው። ዛሬ ለወንድሜ ቴሌግራም ብመታለት ሙሳ ወይ ዕቃውን ወይ ገንዘቡን ይተፋል፣ ኢንሻ አላህ። ግን ሳይጠሩኝ በሰው ጉዳይ አልገባም። ‹ሐጂ፣ ያግዙኝ› በለኝ፤ በቃ።»

ጎረቤት ነጋዴዎች ጨርቅ መለካታቸውን ተዉ። እንደሻው ዞሮ የሚያዩትን አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ተናገር እንጂ! ምላስህንም ለሙሳ ላክኸው እንዴ?»

አንዱ ከጥግ ሳቀ። እንደሻው ፊቱን አዙሮ ወጣ።

«ምን አሉህ? ይረዱናል?» አለች በለጡ ክንዱን ይዛ።

ክንዱን መንጭቆ ወደ ሸዋ በር አቅጣጫ መንገዱን ቀጠለ። ብዙም ሳይርቅ ድምፅዋን ከሱቁ ውስጥ ሰማ፤

«ሐጂ፣ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ። እኔ ልለምንዎት።»

እንደሻው ዞሮ አላየም። እርምጃውን አፈጠነ።