የአራተኛው ችካል ሽብልቅ

እኔ በቁጥር ቀልድ አላውቅም። ቀያሽ ነኝ፤ ከሰሉ ወጥቶ ባለቀበት ዋሻ አናት ላይ የሚለማውን መሬት ከፍታ በየሳምንቱ እለካለሁ። አፈር ተሞልቶ፣ ሣር ተዘርቶ፣ ኳስ ሜዳ እስኪሆን ድረስ ዙሪያውን የቆሙት አሥራ ሁለት ችካሎች ልጆቼ ማለት ናቸው። መሬቱ ከሰመጠ አብረው ይሰምጣሉ፤ እኔም መጠኑን አነብባለሁ። አንዳንዱ ግማሽ ጣት፣ አንዳንዱ አንድ ጣት ወርዶ ቆመ። ከጎሉ ጀርባ ያለው አራተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። እኔም አፌን ሞልቼ «መሬቱ ረግቷል» ብዬ ፈረምኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለእኔ ነው።

ሜዳውን ለትምህርት ቤቱ በምናስረክብበት ቀን ማለዳ፣ ለመጨረሻ ልኬት ሄድኩ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አራተኛው ችካል የቆመበትን የሲሚንቶ መሠረት ጠርዙን አጥቦታል፤ ከሥሩ የእንጨት ጫፍ ብቅ ብሏል። ሣሩን በእጄ ገለጥኩት። ሽብልቅ ነው። ከሥሩ ሌላ ሽብልቅ። ቆሌዬ ተገፈፈ።

እንዲህ አሳምሮ ሽብልቅ የሚጠርብ ሰው በዚህ ሰፈር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም የሜዳው ዘበኛ አደረጉት። ካፖርቱን እንደደረበ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ። ምን እንዳየሁ ሲገባው ደስ አለው እንጂ አልደነገጠም። ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያ የተሸከመ ባላ ዝቅ ሲል ቶሎ ሽብልቅ ያጎርሱታል፤ አለዚያ ጣሪያው ሰው ላይ ይወርዳል። እሱም የለመደውን ነው ያደረገው። ገመድ ወጥሮ ችካሉን ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተያያል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር በዲጂኖ ቀና አድርጎ ያጎርሰዋል፤ ሣሩንም መልሶ ያለብሰዋል። እኔን ልጁን ችካሉ በርክክቡ እንግዶች ፊት እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው።

ደሜ ፈላ። አባት ባይሆን ኖሮ የምናገረውን እኔ አውቃለሁ።

«ስንት ጊዜ አጎረስከው?»

«ሰባት።»

አንዱ ሽብልቅ ሁለት ጣት ነው። ዜሮ ብዬ የጻፍኩለት መሬት አሥራ አራት ጣት ሰምጧል ማለት ነው። ችካል ባላ አይደለም፣ የሚደግፈው ነገር የለም፣ ሥራው መናገር ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ አፉን ዘጋኸው አልኩት። ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ካርታው ላይ ከዚህ ሥር ጣሪያ እንዲሸከሙ የተተዉ የከሰል ምሰሶዎች አሉ፤ ቆመዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ስንወጣ እነሱንም ቆፍረን በልተናቸዋል» አለ። «አለቃው ኮታ ጎደለብኝ አለን። ካርታውን ያስተካከለ የለም። እኔ አፈሩ ሲሞላ ዋሻውም የተሞላ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ የልጆች ጫጫታ ሰማን። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ቀድሞ ደርሶ፣ አርባ ልጆች ሜዳው ላይ ፈሰዋል። በረኛዋ፣ ቀጭን ልጅ፣ ከአራተኛው ችካል አራት እርምጃ ርቃ እየዘለለች ትሟሟቃለች። ልጮህ ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ከደነገጡ በአንድ ላይ ይሮጣሉ፣ ድጋፍ የሌለው ጣሪያ ላይ ደግሞ አይሮጥም አለኝ።

ብቻውን ሄደ። እግሩን ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል የሚረግጥ ይመስል። ኳሷን ከበረኛዋ እጅ ነጥቆ ብብቱ ሥር ሸጎጣትና፣ ሣሬን ጨረሳችሁት እያለ እያጉረመረመ ወደ በሩ አዘገመ። ያ ሁሉ ልጅ ኳሳችንን መልስ፣ ይሄ ሽማግሌ ምን ሆኗል እያለ ከኋላው ተግተለተለ። የመጨረሻው ልጅ አጥሩን ሲያልፍ በሩን ዘጋሁት።

የሜዳው ልማት ሥራ አስኪያጅ ደረሰ። ሁሉን ነገር «በቶሎ» ስለሚል አቶ በቶሎ እንለዋለን። እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው፣ ልጆቹ በቶሎ ይግቡ አለ። አራተኛው ችካል ከሥሩ እንደተነካ፣ እዚያም መግባት እንደማይቻል ነገርኩት። ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም።»

«ችካሉን ማን ነካው?»

አባቴ ከዚያች ዘበኝነት ሌላ ሥራ የለውም። እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሷ የጻፈችው ያየችውን ነው። የምታየውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ከሰዓት የመሬት መሰርሰሪያ መጣ። በረኛዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ዘንጉ አራት ሜትር እየተንቀረፈፈ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም የሚይዘው አጥቶ እስከ እጀታው ጠለቀ። አቶ በቶሎ ኮፍያውን አወለቀ፤ በቶሎ ግን አላለም።

ሜዳው ታጠረ። አባቴ በሳምንቱ ከሥራው ተሰናበተ። እኔ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ቤት ውስጥ ስለ ሽብልቅ የሚያነሳ ጠፋ፤ እራት ላይ ጨው አቀብለኝ፣ አቀብይኝ ብቻ ሆነ።

ቤታችን ከሜዳው ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። የማድቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ አለች፤ አባቴ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ጭቃ አቡክቶ ይለስናታል፣ በዓመቱ ትመለሳለች። ባለፈው እሑድ ስገባ ግድግዳው ፊት ቆሟል። ባልዲው ደረቅ ነው። ልስኑን ፍቆ አንስቶታል፤ ስንጥቋ ከጣሪያ እስከ ወለል ተገልጣለች። ግራና ቀኟን በእርሳስ አስምሮ፣ ከጎኑ የዕለቱን ቀን ጽፏል።

ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ለኪ» አለኝ። «የሆነውን ንገሪኝ።»

ለካሁና ነገርኩት። እሱም ቁጥሩን ከቀኑ ሥር ጻፈው።