የቲማቲሙ አንቀጽ

ስብሰባ ላይ እግሬ አርፎ አያውቅም፤ በዚያ ሰሞን ግን ባሰብኝ። ጠረጴዛው ሥር ጫማዬን አወልቃለሁ፣ መልሼ አጠልቃለሁ። ስልኬን ደፍቼ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ አነሳለሁ። ጎረቤቶቻችን «ሲሚንቷችን ላይ ቀረጥ ጨመራችሁብን» ብለው የድንበሩን በር በቲማቲማችን ላይ ዘግተዋል። ታላቅ ወንድሜ የጫነው ደግሞ ቲማቲም ነው። ከነመኪናው በሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቆሟል። ዕድሜ ልኩን የሰው ሲጭን ኖሮ፣ የራሱን ሲጭን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በድርድሩ የእኔ ሥራ የሲሚንቶው ክርክር ነው። የወንድሜን ነገር ለአለቃችን ነግሬዋለሁ፤ «እግዜር ይርዳው» ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

የሚያናድደው፣ የቲማቲሙ አንቀጽ ገና በመጀመሪያው ቀን አልቋል። ግን እንዲህ ባለ ድርድር የቆየ ደንብ አለ፦ ሁሉም አንቀጽ ካላለቀ የትኛውም አላለቀም። ደንቡ ክፉ አይደለም፤ እሱ ባይኖር አንዱ ወገን የሚፈልገውን ይዞ ውልቅ ይላል። ይህን ለበሰለ ቲማቲም ማን ያስረዳልኝ?

የማዶዎቹን ዋና ተደራዳሪ እርስ በርሳችን «እናየዋለን» ነው የምንለው። ቀረጥ ስትለው እናየዋለን፣ ኮታ ስትለው እናየዋለን። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ቢሉትም እናየዋለን የሚል ይመስለኛል።

ስልኬ ነዘረ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«እታለም፣ የታችኞቹ ሳጥኖች ማንጠባጠብ ጀምረዋል» አለ ወንድሜ።

«በርታ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

«ሹፌሮቹ እየሳቁብኝ ነው። እህቴ ተደራዳሪ ናት ብላቸው ‹ላም አለኝ በሰማይ› ይሉኛል።»

እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል እናየዋለን ከኋላዬ ቆሟል።

«ወንድምሽ በሩ ላይ ነው አሉ» አለኝ፣ እንደ አባት በለዘበ ድምፅ። «አንድ መኪና ማሳለፍ ለእኔ ምንም አይደለም። አንቺ ብቻ እሺ በይ።»

«በምን ምትክ?»

«ኧረ በምንም! ጉርብትና አይደል እንዴ?»

እሺ ማለት ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ስለ ሲሚንቶ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ይህ ሰው ቀና ብሎ እንደሚያየኝና ቃሌን እንደሚያስውጠኝ ታወቀኝ። ከወንድሜ ኋላ የተሰለፉትስ እህት የላቸውም?

«በሩ ለሁሉም ሲከፈት ወንድሜም ያልፋል» አልሁት።

«እሺ፣ እናየዋለን» ብሎ ገባ።

ተከትዬው ገባሁ። እንደዚያን ቀን ተከራክሬ አላውቅም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኛ የቀረጡን ግማሽ አነሳን፣ እነሱም በሩን ከፈቱ። አለቃችን እጄን ጨብጦ ሲያወዛውዝ እኔ በሌላው እጄ ስልኬን እየፈለግሁ ነበር።

«ተከፈተ!» አልሁት ወንድሜን።

«አየሁ፣ እያለፉ ነው» አለኝ። «እኔ ግን ጠዋት ደፋሁት።»

እጄን ከአለቃችን አስለቅቄ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ትናንት አንድ የእነሱ ኃላፊ መጥቶ ‹ሞተር አስነሳ፣ እህትህን እየጠየቋት ነው፣ እሺ ካለች ታልፋለህ› አለኝ። አስነሳሁ። ናፍጣዬ እስኪያልቅ አላጠፋሁትም። በኋላ ለሹፌሮቹ ‹እህቴ ብትሰማ ኖሮ እሺ ትል ነበር› አልኋቸው፤ ‹ሳይጠይቋት ቀርተው ነው› አልኋቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳይጠይቁሽ ቀርተው ነው፣ አይደል እታለም?»

ውሸቱን ራሱ አበጃጅቶ ሰጠኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በስልኩ ውስጥ የሚያልፉት መኪኖች ጥሩንባ ይሰማኛል።

«ጠይቀውኛል፣ ጋሼ» አልሁት።