ወንበሩ ላይ የቀረው ክር

«‹በልብና በደም ሥር ቀዶ ሕክምና ሠልጥና ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላለች።›» የልጅቷ አጎት መነጽሩን ገፋ አደረገ። ነገ መታሰቢያው ላይ የሚያነበው የሟች እህቱን የሕይወት ታሪክ ነው። «‹ብቸኛ ልጇም የእናቷን ፈለግ ተከትላ በዚያው ሙያ በመሠልጠን ላይ ትገኛለች።› እዚህ ጋ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።»

«ጋሼ፣ መጨረሻዋን መስመር እንኳ ተዋት።»

«ትሕትናሽ ቁርጥ እናትሽን!»

መሸሻ የላትም። ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎኑ ጢም ብሏል። ከእሷ እስከ በሩ ቢያንስ አሥራ አምስት ጥንድ ጉልበት አለ፤ ብትነሣ ሁሉም «የት ልትሄጂ ነው? አይዞሽ» ይላታል። ያስቀመጧት ደግሞ እናቷ ወንበር ላይ ነው። የእንጨት መደገፊያው በጥቁር ክር ቋጠሮ ተሸፍኗል። እናቷ ዜና ስትሰማም፣ ስልክ ስታወራም እጇ ሥራ አይፈታም ነበር፤ እንደ ቀዶ ሕክምና ልምምድ ክሩን መደገፊያው ላይ አዙራ በአንድ እጇ ትቋጥራለች።

ከወንበሩ በፊት ግን የልጅቷ ጣት ነበር። ስድስት ዓመቷ እያለ እናቷ ከሆስፒታል ስትገባ ሌባ ጣቷን ትለምናታለች። «ደም ሥር ሁኚልኝ። እንዳትነቃነቂ፤ ደም ሥር ከተጎተተ ይቀደዳል።» ክሩ ይዞራል። «አንድ ዙር ይንሸራተታል፤ ሦስት ሲሆን ነው ቋጠሮ የሚባለው።» ልጅቷ አፍንጫዋን ቢበላትም አታክም። እናቷ ቤት ውስጥ ቁጭ የምትለው ያኔ ብቻ ነበር።

እንዳልተነቃነቀች አደገች፤ ሕክምና ተማረች፤ ቀዶ ሕክምና ገባች። ከአራት ወር በፊት ተወችው። ደም ፈርታ አይደለም፤ እጇም አይንቀጠቀጥም። ደረት በተከፈተ ቁጥር የምታስበው መቼ ከክፍሉ እንደምትወጣ ብቻ ነበር። አሁን የምትሠራው ክትባት ክፍል ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ቤቷ ናት። ይህን ስትነግራት እናቷ እዚሁ ወንበር ላይ ክሯን እያዞረች፣ «ለአጎትሽ እኔ እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ አፍሽን ያዢ» አለቻት። የሰው ደም ሥር ስትጠግን የኖረችውን ሴትዮ፣ የራሷ ጭንቅላት ውስጥ አንዲት ቀጭን ደም ሥር ፈንድታ ገደለቻት።

«እዩት፣ ይኼ ነው ስፌት!» አለ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ሸሚዙን እስከ ሆዱ ፈትቶ የደረቱን ጠባሳ እያሳየ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የእናቷ ታካሚ። «አርባ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ቀጥ ያለ አልወጣልኝም።»

«አባባ ይቆልፉት፣ ብርድ ይመታዎታል» አለች አንዷ ጎረቤት። ሰው ሣቀ።

ልብስ ሰፊው ወደ ልጅቷ ዞረ። «ዶክተር፣ እናትሽ ልቤ ውስጥ የገጠመችልኝ ይኼ ቫልቭ አሥር ዓመት ያገለግላል ብላኛለች። ‹ሲያረጅስ?› ብላት፣ ‹ልጄ ትቀይርልዎታለች› አለችኝ። እንግዲህ በእጅሽ ነኝ።»

«መቼ ነው እንዲህ ያለችዎት?»

«ባለፈው ወር፣ ለምርመራ ስመጣ።»

ባለፈው ወር! እያወቀች። ለካ እናቷ ለመናገር ጊዜ አጥታ አይደለም፤ ልጇ ወደ ቀዶ ሕክምናው እስክትመለስ እየጠበቀቻት ነበር።

«እኔ አልቀይርልዎትም» አለች ልጅቷ። «ትቼዋለሁ። አራት ወር ሆነኝ። እናቴም ታውቅ ነበር።»

አጎቷ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። «እናትሽ ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«እነግረዋለሁ ብላኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሸሚዙን ከታች ጀምሮ ቆለፈ። «እና እኔን ማን ይስፋኝ?» አለ። አሁን ማንም አልሣቀም።

አጎቷ እስክሪብቶውን አውጥቶ መጨረሻዋን መስመር ሰረዛት፤ ደግሞ ሰረዛት። ከዚያ እንድታልፍ ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገላት። አጠገቡ ያለችው ሴትም ሰበሰበች፤ ቀጥሎ ያለውም። እስከ በሩ መንገድ ተከፈተ።

አልተነሣችም። መደገፊያው ጫፍ ላይ አንድ ዙር ብቻ የተቋጠረ፣ ቀለበቱ እንደላላ የቀረ ክር አለ። ሌባ ጣቷን ቀስ አድርጋ ቀለበቱ ውስጥ አስገባች። እንዳይጎተት ተጠንቅቃ፣ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።